«ለደንበኛዋ ራርተሽ ነው» ተብዬ ዕድገቱ አለፈኝ

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ የመድን ኩባንያ የሕግና የካሳ ክፍል ውስጥ በነገረ ፈጅነት ስሠራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ልጄ ዘጠኝ ወሯ ነው። ከወሊድ ፈቃድ እንደተመለስኩ የክፍሉ ኃላፊነት ክፍት የሥራ ቦታ ወጣና ተወዳደርኩ። ቦታውን ያገኘው ከእኔ ሁለት ዓመት ዘግይቶ የተቀጠረ ባልደረባዬ ነው። ምክንያቱን ስጠይቅ አለቃዬ በቃል ሁለት ነገር ነገሩኝ። አንደኛው «ቦታው ክፍለ ሀገር መውጣት፣ ከችሎት ችሎት መሮጥ ይፈልጋል፤ አንቺ ደግሞ የምታጠቢ እናት ነሽ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ለካሳ ጠያቂ ትራሪያለሽ» የሚል ነው።

«የራራሁላት የተባለችው ደንበኛ የልብስ ስፌት ድርጅቷ በእሳት የተቃጠለባት ሴት ናት። መድን ስትገባ በቀረበው መጠየቂያ ቅጽ ላይ ቤቱ በሙሉ በብሎኬት የተሠራ ነው ተብሎ ተሞልቷል። እሳቱ የተነሣበት የጓሮው መጋዘን ግን እንጨትና ቆርቆሮ ነው። ኩባንያው «ሐሰት ተናግራለች፣ ውሉ ፈራሽ ነው» ብሎ ምንም ላለመክፈል ወሰነ። እኔ ቅጹን ሳየው ጽሑፉ የሽያጭ ወኪላችን እጅ ነው፤ የእሷ ፊርማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሆን ብላ አልዋሸችም፣ ካሳው ተቀንሶ ይከፈላት የሚል የሕግ አስተያየት ጻፍኩ። ያ ባልደረባዬ «የጠቀስሽው አንቀጽ በአዲሱ የንግድ ሕግ ተሽሯል» አለና አስተያየቴ ወደ ጎን ተደረገ። እኔ የተመረቅኩት አዲሱ ሕግ ከመውጣቱ በፊት ስለሆነ እውነት መስሎኝ ዝም አልኩ።

«ሥራውን ትቼ የጥብቅና ፈቃድ ላውጣ? ወይስ ታግሼ ልቀመጥ? ደግሞ ለሴትየዋ ደውዬ ‹ክሰሻቸው› ብላት ምን ይመስልሻል? ሕሊናዬ እረፍት ነሣኝ።»

ሀ. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህቴ ሀ.፣ ስለ ዕድገቱም ስለ ጥብቅናውም እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ዝም ያልሽበትን ነገር ላንሣ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ እሱ ነውና። የጠቀስሽው አንቀጽ አልተሻረም። ባልደረባሽ ተሳስቷል።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የ1952ቱን የንግድ ሕግ በሙሉ አልተካም። የተካው አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና አምስተኛውን መጽሐፍ ነው፤ ማለትም ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሣራ የሚናገሩትን። ሦስተኛው መጽሐፍ፣ ስለ ማጓጓዝና ስለ ኢንሹራንስ የሚደነግገው፣ እንዲሁም ስለ ሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶችና ስለ ባንክ ሥራ የሚናገረው አራተኛው መጽሐፍ በነበሩበት ጸንተዋል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት አንድ መጋዘን ቢቃጠል ዳኛው የሚከፍተው ያንኑ በንጉሡ ዘመን የወጣውን ሕግ፣ ከቁጥር 654 ጀምሮ ያለውን ክፍል ነው። «አዲሱ የንግድ ሕግ» የሚለው ስም ሁሉን የጠቀለለ ስለሚመስል ስሕተቱ በሙያው ውስጥ ባሉ ሰዎችም ዘንድ ይሰማል። የአንድ ክፍል ኃላፊ ግን ይህን ሳያረጋግጥ በአንዲት ሴት ንብረት ላይ ሲወስን ነገሩ ተራ ስሕተት አይደለም።

አሁን ወደ አስተያየትሽ። ቁጥር 667 መድን የሚገባው ሰው ውሉ ሲዋዋል የሚያውቀውንና ለመድን ሰጪው ውሳኔ የሚጠቅመውን ሁኔታ ሁሉ በትክክል እንዲናገር ያዝዛል። ቁጥር 668 ደግሞ ሳይናገር የቀረ ወይም ሐሰት የተናገረ ሰው ምን እንደሚደርስበት ይለያል። ልዩነቱ ያለው በሐሳቡ ላይ ነው። ሆን ብሎ ከደበቀ ወይም ከዋሸ ውሉ ፈራሽ ይሆናል። ሆን ብሎ ካልሆነና እውነቱ የታወቀው አደጋው ከደረሰ በኋላ ከሆነ ግን ውሉ አይፈርስም፤ የተከፈለው አረቦን፣ ማለትም የመድኑ ክፍያ፣ እውነቱ ቢታወቅ ኖሮ ሊከፈል ይገባ ከነበረው ጋር ተነጻጽሮ ካሳው በዚያው መጠን ይቀነሳል። አንቺ የጻፍሽው ይህንኑ ነው። ሕጉ ለቅን ሰውና ለአጭበርባሪ አንድ ዓይነት ቅጣት አልሰጠም፤ ኩባንያሽ ግን አንድ አድርጎታል። ሆን ብላ ዋሽታለች የሚል ወገን ደግሞ ያንን ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው።

በዚያ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1738 አለልሽ። አንዱ ወገን አዘጋጅቶ ያቀረበው የውል ቃል አጠራጣሪ ሲሆን የሚተረጎመው ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ ነው። የመድን ፖሊሲ ከርዕሱ እስከ መጨረሻዋ ደቃቅ ፊደል ድረስ የሚረቀቀው በኩባንያው ነው። ቅጹ «ቤቱ ከምን ተሠራ?» ብሎ አንድ መስመር ብቻ ሰጥቶ ከሆነ፣ ስለ ጓሮው መጋዘን ለብቻው ካልጠየቀ፣ የዚያ ጥያቄ ጉድለት የጠያቂው ነው።

የአስተያየትሽ ጠንካራ ጎን ይህ ሲሆን ደካማ ጎኑንም ልንገርሽ፤ በክርክር ላይ የሚመቱሽ በዚያ ነውና። ፊርማው የእሷ ነው። ፍርድ ቤት ፊርማን በቀላሉ አያልፍም። ስለዚህ «እጁ የወኪሉ ነው» ብሎ ማቆም አይበቃም። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ኩባንያው ባለሙያ ልኮ ቤቱን አስጎብኝቶ ነበር? ፎቶግራፍ አለ? ጎብኚው በጓሮ በኩል አልፎ መጋዘኑን አይቶ ከነበረ ኩባንያው «ተታለልኩ» የሚልበት አፍ አይኖረውም። ሁለተኛ፣ ካሳው ይቀነስ ስትዪ በስንት? አረቦን የሚተምነውን ክፍል «ይህ መጋዘን እንጨትና ቆርቆሮ መሆኑን ብታውቁ ስንት ታስከፍሉ ነበር?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ቁጥሩ ሲመጣ አስተያየትሽ ስሌት ይኖረዋል፤ ስሌት ያለውን አስተያየት ደግሞ «ርኅራኄ ነው» ብሎ መጣል ይከብዳል። «ጭራሹኑ አንቀበላትም ነበር» የሚል መልስ ከመጣ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ያንንም አስቀድመሽ ማወቁ ይሻልሻል።

«ትራሪያለሽ» የተባልሽበት ቃል በጣም አስቆጥቶኛል። ይኸንኑ አስተያየት አንድ ወንድ ነገረ ፈጅ ቢጽፈው ጥንቃቄ ይባል ነበር፤ «ኩባንያውን ከሚሸነፍበት ክስ፣ ከወለድና ከወጪ አዳነ» ተብሎ ይመሰገን ነበር። ሴት ስትጽፈው የሕግ ትንታኔው ይቀርና ስለ ልቧ ማውራት ይጀመራል። ደንበኛዋም ሴት በመሆኗ ነገሩ ይበልጥ ቀለለላቸው። በመድን ሥራ ውስጥ ይህ ክስ ልዩ ክፋት አለው። የሙያው ግማሽ ያህሉ መክፈል ያለብንን መለየትና በጊዜው መክፈል ነው፤ ካሳ መክፈል ውለታ አይደለም፤ ዓመት ሙሉ አረቦን የተሰበሰበበት ግዴታ ነው። እባክሽ ይህን ቃል በአስተያየትሽም ሆነ በንግግርሽ ለመከላከል አትሞክሪ። «አልራራሁም» ብለሽ መልስ መስጠት ስትጀምሪ የእነሱን ሜዳ ተቀብለሻል። መልስሽ ቁጥር 668 ይሁን።

አሁን ምን ማድረግ አለብሽ? አንድ አጭር ማስታወሻ ጻፊ። ርዕሱ የቀድሞው አስተያየት ማሟያ ይሁን። «የንግድ ሕጉ ሦስተኛ መጽሐፍ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ስላልተሻረ ቁጥር 667 እና 668 በሥራ ላይ ናቸው» ብለሽ ጀምሪ፤ የአዋጁን የመሻሪያ አንቀጽ ቅጂ አያይዢ፤ የአረቦኑን ስሌት አስከትዪ። የባልደረባሽን ስም አታንሺ። ማስታወሻው በመዝገብ ቁጥር ገብቶ ቅጂው እጅሽ ይቅር። ይህ ለሴትየዋም ለአንቺም ይጠቅማል። ነገ ፍርድ ቤት «ሆን ተብሎ አልተደበቀም» ብሎ ሲወስን ኩባንያው አስቀድሞ ማን እንዳስጠነቀቀው በፋይሉ ላይ ይገኛል።

«የተመረቅኩት አዲሱ ሕግ ከመውጣቱ በፊት ነው» ስትዪ የተሰማኝ ኋላ የመቅረት ሥጋትም እንዲሁ እንዲያልፍ አልፈልግም። የመድን ሕግ በኢትዮጵያ ጽሑፉ አሮጌ ነው፤ የሚነሡበት ጥያቄዎች ግን አዲስ ናቸው፤ አንቺ ያለሽበት ወንበር ደግሞ እነዚህ ጥያቄዎች መጀመሪያ የሚደርሱበት ቦታ ነው። አንዱን ብቻ ሰፋ አድርጌ ላንሣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ መኪና፣ መለዋወጫ፣ የስፌት መኪና፣ የሕክምና መሣሪያ ሁሉ ዋጋው አብሮ ወጣ። የመድን ውሉ ላይ የተጻፈው የዋስትና ገንዘብ ግን በቦታው ቆመ። በ4 ሚሊዮን ብር ዋስትና የተገባለት ማሽን ዛሬ 8 ሚሊዮን ብር ቢያወጣና ግማሹ ሳይሆን ሩቡ፣ የ2 ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ ባለቤቱ 2 ሚሊዮኑን ሙሉ ይከፈለኛል ብሎ ይጠብቃል። ንብረቱ ከዋጋው በግማሽ ያነሰ ዋስትና ስለተገባለት ግን በፖሊሲዎች ውስጥ የተለመደው የተመጣጣኝ ካሳ ደንብ 1 ሚሊዮን ብር ብቻ ይሰጠዋል። ውሉን የፈረመ ሰው ይህን ቃል አላነበበውም፤ ቢያነበውም የገባው አይመስለኝም። ኩባንያው ውሉን ሲያድስ የዋጋውን መለወጥ አስታውሶታል? ወኪሉ ምን አለው? የደብዳቤ ማስረጃ አለ? ይህን ጥያቄ በጥንቃቄ የሚመረምር የሕግ ባለሙያ ኩባንያሽ ዛሬ ከማንም በላይ ያስፈልገዋል፤ ደንበኞችም እንዲሁ። በሴትየዋ መዝገብ ላይ ያደረግሽው ምርመራ፣ ቅጹን ማን ሞላው፣ ማን አየው የሚለው፣ በእነዚህ መዝገቦች ላይ የሚፈለገው ችሎታ ራሱ ነው።

ሌላም አለ። የተለመደው የእሳትና የተሽከርካሪ ፖሊሲ ጦርነትንና ሁከትን ከሽፋን ውጭ ያደርጋል። ከ2008 ዓ.ም. ሁከት ወዲህ የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ሽፋን ለብቻው መሸጥ ተለምዷል። አንድ ሱቅ ሲቃጠል ተራ ወንጀል ነው ወይስ ሁከት? የሚከፈለው በየትኛው ሽፋን ነው? የሚለው ጥያቄ የአገሩን ኑሮ የሚነካ ነው። ከዚህ ጎን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ጥራዞች አንብቢ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የተሰጠ የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ ስለዚህ የ1952ቱ ጽሑፍ ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ የምታገኚው እዚያ ነው። በምሳ ሰዓት አንድ ውሳኔ እያነበብሽ ብትሄጂ፣ እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ «ተሽሯል» ብሎ የሚያስደነግጥሽ ሰው አይኖርም።

ወደ ዕድገቱ ልመለስ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ይደነግጋል፤ እሱን ታውቂዋለሽ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 87 ላይ ያለውን ግን ብዙ ሴቶች አያውቁትም። ሴቶች በጾታቸው ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግባቸው ከመከልከሉ ሌላ፣ በቅጥር፣ በደረጃ ዕድገትና በሌሎች ጥቅሞች ውድድር ከወንድ ጋር እኩል ውጤት ያመጣች ሴት ቅድሚያ እንድታገኝ ያዝዛል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄሽ «ለምን አላሳደጋችሁኝም?» ሳይሆን «ውጤታችን ስንት ነበር?» የሚል መሆን አለበት። የመመዘኛ ነጥቦቹን፣ የእያንዳንዳችሁን ውጤት፣ የውድድር ኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ በጽሑፍ ጠይቂ። የሠራተኛ ማኅበርና የኅብረት ስምምነት ካላችሁ የዕድገት ሥነ ሥርዓቱ እዚያ ውስጥ ስለሚገኝ ያንን ከፍተሽ አንብቢ፤ የቅሬታ ቀነ ገደቡም እዚያ ሊኖር ይችላል።

አለቃሽ በቃል የነገሩሽን በተመለከተ ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፊላቸው። ቁጣ አይኑርበት። «በዚህ ቀን በነበረን ውይይት ቦታው ያልተሰጠኝ በማጥባቴና ለካሳ ጠያቂዎች ታደላለሽ በሚል መሆኑን ገልጸውልኛል፤ በትክክል ተረድቼ እንደሆነ እንዲያረጋግጡልኝ» የሚል ይሁን። ቢያስተባብሉ ያስተባበሉት በጽሑፍ ይሆናል፤ ቢያምኑ ደግሞ የበለጠ ነው፤ ዝም ቢሉም ደብዳቤሽ ቀን ይዞ ይቀመጣል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ስለሰጠ «ኢሜይል ነው» ተብሎ የሚጣል ነገር አይደለም። ጊዜ አታጥፊ፤ የሥራ ክርክር ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ አጭር ነው። ከሥራ ተሰናብቶ ልመለስ የሚል ሠራተኛ እንኳ ያለው 3 ወር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ምክር ጣልቃ ላስገባ። የሕግ ክፍል ኃላፊ በአዋጁ አነጋገር «የሥራ መሪ» ተብሎ ሊመደብ ይችላል፤ በራሱ ነጻ አስተያየት ለአሠሪው በአመራር ጉዳይ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብ ሰው ነውና። የሥራ መሪ ደግሞ ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ውጭ ሆኖ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይተዳደራል። ቦታው ነገ ቢሰጥሽ የወሊድ ፈቃድሽን፣ የሥራ ስንብት ሁኔታሽንና ካሳሽን በውልሽ ውስጥ በግልጽ አስጽፊ። ዛሬ ግን ተወዳዳሪ ሆነሽ የቀረብሽው ሠራተኛ ሆነሽ ነው፤ «ቦታው የሥራ መሪ ስለሆነ አዋጁ አይመለከትሽም» ቢሉሽ ቶሎ አትቀበዪ።

ስለ ማጥባትሽም በግልጽ እንነጋገር። አዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ሰጥቶሻል፤ በእርግዝናሽ ወቅትና ከወለድሽ በኋላ እስከ አራት ወር ከሥራ እንዳትሰናበቺ ጠብቆሻል። እነዚህ ጥበቃዎች የተደነገጉት ከሥራው እንዳትገፊ ነው፤ ለመግፊያነት ሲውሉ ማየት ያሳዝናል። ነገር ግን ራስሽን አንድ ጥያቄ ጠይቂ፤ ክፍለ ሀገር መውጣት አሁን ትችያለሽ? መልሱ «በወር አንድ ጊዜ፣ ከእናቴ ጋር ልጄን ይዤ» ከሆነ እንደዚያው ተናገሪ። ከዚያ በፊት ያለፈውን ዓመት መዝገብ አውጪ። ከአዲስ አበባ ውጭ ስንት ቀጠሮ ነበር? ስንቱ ላይ ኃላፊው ራሱ ሄደ፣ ስንቱ ላይ ነገረ ፈጅ ወይም በውክልና ጠበቃ ሄደ? አብዛኛውን ጊዜ የክፍል ኃላፊ ሥራ መዝገብ ማንበብና አስተያየት መፈረም ነው፤ ከችሎት ችሎት የሚሮጠው በእሱ ሥር ያለ ሰው ነው። ቁጥሩ ይህን ካሳየ የአለቃሽ ምክንያት በራሳቸው መዝገብ ይፈርሳል። ቦታውን ያገኘው ባልደረባሽ ልጅ እንዳለው ደግሞ ማንም እንዳልጠየቀው እርግጠኛ ነኝ። ያንን ግን በስብሰባ ላይ አታንሺው፤ የግል ጠብ ያስመስለዋል።

ጥብቅናውን በተመለከተ ሐሳቤ ይህ ነው፤ ሂጂ፣ ግን ተገፍተሽ አትሂጂ። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ምክንያት የጥብቅና ሥራ መልኩ ተለውጧል። ቀድሞ ጠበቃ የሚሠራው ለብቻው ነበር፤ አሁን ጠበቆች በጋራ የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም ይችላሉ። ይህ በተለይ ለእናቶች ትልቅ ነገር ነው። ልጅሽ ትኩሳት ይዟት ቀጠሮ ቢደርስብሽ መዝገቡን የምታውቅ ባልደረባ ትቆምልሻለች፤ ብቻሽን ብትሆኚ ግን ቀጠሮ ማስለወጥ ወይም ልጅሽን ትቶ መሄድ ነው ምርጫሽ። በመድን ጉዳይ ላይ ብቻ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ሴቶች አንድ ድርጅት ቢያቋቁሙ ገበያው ይጠብቃቸዋል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ፤ የካሳ ክፍልን ከውስጥ የሚያውቅ ጠበቃ ብዙ አይገኝምና። በሌላ በኩል ራስሽን ችለሽ ስትወጪ ደመወዝ ያለው የወሊድ ፈቃድ የለም፤ የአሠሪ የጡረታ መዋጮ የለም፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት ገቢ አነስተኛ ነው። የዘጠኝ ወር ልጅ ይዘሽ ይህን ስትወስኚ ከባለቤትሽ ወይም ከቤተሰብሽ ጋር በቁጥር ተነጋግረሽ ይሁን። ስለዚህ መጀመሪያ የዕድገት ቅሬታሽን እስከ መጨረሻው አድርሺ፤ ጎን ለጎን ለፈቃድ ፈተናው ተዘጋጂ፤ ከዚያ በኋላ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያሽን ሰጥተሽ በክብር ውጪ። ቅሬታሽ ሳይታይ ብትለቂ «ራሷ ተወችው» ተብሎ ይዘጋል፤ ከአንቺ በኋላ ለምትመጣዋም መንገዱ እንደተዘጋ ይቀራል።

ስትወጪ የደንበኞችን ፋይል ቅጂ ይዘሽ እንዳትወጪ። የጤና ማስረጃ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የቤተሰብ ሁኔታ ያለበት ሰነድ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ከሥነ ምግባር አልፎ የሕግ ጉዳይ ሆኗል። ለኩባንያው የሠራሽበትን መዝገብ ይዘሽ በኩባንያው ላይ ጠበቃ ሆነሽ መቆምም አይቻልሽም። ዕውቀትሽን ግን ማንም አያስቀርብሽም።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ከባዱ ነው። ለሴትየዋ አትደውዪ። ሕሊናሽ እንደሚወቅስሽ ይገባኛል፤ እኔም ብሆን እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ነገር ግን የጻፍሽው አስተያየት የአሠሪሽ ምስጢር ነው፤ ባለሙያ ሆነሽ የምታውቂውን በስልክ ብታወጪ ሙያሽን ታጪዋለሽ፤ ሴትየዋንም አትጠቅሚያትም፤ ማስረጃው በዚያ መንገድ የመጣ ነው ተብሎ ክርክሩ ሊበላሽባት ይችላል። በሥራሽ ውስጥ ሆነሽ ልታደርጊላት የምትችዪው ግን ትንሽ አይደለም። ኩባንያው የሚጽፍላት የእምቢታ ደብዳቤ ምክንያቱንና የሕግ ቁጥሩን በግልጽ እንዲጠቅስ አጥብቀሽ ጠይቂ፤ ድፍን ያለ «አይመለከተንም» የሚል ደብዳቤ ያልተማረችን ሴት ያሸማቅቃል፤ ምክንያት ያለው ደብዳቤ ግን ማንኛውም ጠበቃ አንብቦ መልስ የሚሰጥበት ነው። ደብዳቤው ሳይዘገይ እንዲደርሳትም አድርጊ፤ በንግድ ሕጉ ቁጥር 674 መሠረት ከመድን ውል የሚመነጭ ክስ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳልና፣ በየሳምንቱ «ነገ ነይ» እየተባለች የምትመላለስበት ጊዜ ከመብቷ ላይ ይቆረጣል። እሷ ራሷ ወደ ቢሮሽ መጥታ «ምን ላድርግ?» ብላ ብትጠይቅሽ፣ በውሳኔው ካልተስማማች የሕግ ባለሙያ ማማከር እንደምትችል፣ የመድን ኩባንያዎችን ወደሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክም አቤቱታ ማቅረብ እንደምትችል ንገሪያት። ይህን ለማንኛውም ደንበኛ መናገር ምስጢር ማውጣት አይደለም። የሽያጭ ወኪሉንም አግኚና ቅጹን እሱ እንደሞላው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ አድርጊ፤ ማስታወሻሽ ላይ አያይዢው፤ ኩባንያው ቢከሰስ የውስጥ ፋይሉ እውነቱን ይዞ ይቀመጥ። ማሟያ ማስታወሻውን በዚህ ሳምንት አስገቢ፤ የዕድገት ውጤት መጠየቂያሽን ደግሞ በሌላ ቀን፣ በሌላ ደብዳቤ። ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ፤ የሴትየዋ ካሳ ከአንቺ ዕድገት ጋር የተያያዘ መስሎ ከታየ ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ።